በራሒማ ደጅ የቆመው ዚር

ገዳሪፍ ላይ በበጋ ሰውና ሰው ሲገናኝ ከሰላምታው አስቀድሞ «ውሃ መጣ?» ይባባላል። ከተማችን በማሽላና በሰሊጥ አገር ትመግባለች፤ የምትጠጣውን ግን በአህያ ጋሪ እያስጎተተች ነው የምትገዛው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ትዳር የያዝኩባት፣ ልጆቼን ያሳደግኩባት ከተማ ናት። ግን እዚህ ለማያውቁት መንገደኛ ውሃ ማጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ሳልነግራችሁ ስለ ራሒማ ባወራላችሁ ነገሩ ይቀልባችኋል።

የእኔና የራሒማ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሷ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሽሮና ከመተማ የሚገባ በርበሬ ትሸጣለች። ፊት ለፊታችን የሎሪ ማቆሚያው አለ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች የሚጫነው የቀን ሠራተኛ፣ በገላባት ገብቶ ወደ ሰሜን የሚያልፈው የሐበሻ ልጅ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ከካርቱም ቤቱን ጥሎ የመጣው ሁሉ እዚያ ይወርዳል። አቧራው ለሁለታችንም እኩል ይደርሰናል፤ ገበያው ግን ለእሷ ያደላል። የተራበና የተጠማ ሰው ሱሪ ለማሳጠር አይመጣም።

ራሒማ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ናት። ነጋዴው ሙዘይን አግብቷት በመተማ በኩል ሲያመጣት ገና ለጋ ነበረች። ሙዘይን አርቆ የሚያስብ ሰው ነበር። ግቢው ውስጥ ትልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ አሠርቶ በጋሪ የሚመጣውን ውሃ ያጠራቅምበት ነበር፤ ኩላሊቱ ቀድሞ ከዳው እንጂ ሌላም ብዙ ያስብ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ራሒማ ሱቁን ብቻዋን ያዘች። በንግድ ቀልድ አታውቅም። ሚዛኑ ላይ አንዲት ቁንጣሪ ስኳር ከተረፈች መልሳ ታነሳለች። እኔ «ሚዛኑ ራሱ ይፈራሻል» እያልኩ አበሽቃታለሁ፤ እሷም «የቂያማ ዕለት የምጠየቀው እኔ እንጂ አንተ አይደለህ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አንድ ልጅ ወለዱ፤ ሉጥፊ። አገጩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሲቸኩል የሚንተባተብ፣ ሳቅ የማያልቅበት ልጅ። የሰፈሩ ወጣት ስለ ሊቢያ ሲያወራ እሱም አብሮ ያወራ ነበር፤ እኛ ወሬ ብቻ መስሎን ዝም አልን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ለእናቱ ሳይነግራት ሄደ። ከዶንጎላ ደወለላትና «ነገ በረሃውን እንጀምራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አላት። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ወራት ቆይቶ ከዚያ መንገድ የተመለሰ ልጅ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። በእነሱ ጊዜ የተነሳ አንድ መኪና መንገድ ስቶ ሰዎቹ ውሃ አልቆባቸው በዚያው መቅረታቸውን ሰምቷል። የማንንም ስም አልጠራም።

ራሒማ ያን በሰማች ማግስት ሁለት ዚር አስጭና መጣች። ዚር ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ውሃውን ራሱ ያቀዘቅዘዋል። የሱዳን ሰው የሞተበትን ለማሰብ መንገድ ዳር ዚር አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው ያጠጣል፤ ሰቢል ይሉታል። ሰፈሩ የራሒማንም እንደዚያው ቆጠረው። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ «አላህ ይማረው» ሊሏት ሱቋ ገብተው ነበር፤ ቃሉን ሳይጨርሱ በእጇ መንገዱን አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ለቅሶ አፉን አልከፈተም።

ለእኔ ግን አንድ ቀን ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታ ነገረችኝ።

«ሰላሃዲን፣ እኔ ያቆምኩት ለሞተ ሰው አይደለም» አለች። «እዚህ የሰው ልጅ ካጠጣሁ፣ አላህ እዚያ ለልጄ የሚያጠጣ አያሳጣውም። ከአላህ ጋር የተነጋገርነው ነው።»

ቀሚሱን አጠበብኩላት። በጣም ከስታ ነበር።

ለሚጠጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራት። ጣሳውን ከአፉ እስኪያወርድ ትጠብቅና «አገጩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ በመንገድህ አላየህም?» ትለዋለች። ያላየው አላየሁም ይላታል። አንዳንዱ ግን ውሃውን ስለጠጣ ብቻ ደስ ሊያሰኛት ፈልጎ «ያየሁ ይመስለኛል» ይላት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አምርሬ እጠላዋለሁ። ያን ቀን ሙሉ ፊቷ ሲበራ ይውላል፣ በማግስቱ ትታመማለች።

እንዲህ ሆና ስትኖር ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ በተፈናቃይ ሞላ፣ ኮሌራ ገባ፤ ጠጪው ሲበዛ ራሒማም ጥያቄዋን ተወች። በዚያ ሰሞን ነው ሪሃብ የተመለሰችው። ሪሃብ ወላጆቿ ሐበሾች ይሁኑ እንጂ እዚሁ ሰፈራችን ተወልዳ ያደገች የነጋዴ ልጅ ናት፤ ከሉጥፊ ጋር አንድ ክፍል ተምራለች። እሱ ሲጠፋና ከዚያም በኋላ ወድ መደኒ ፋርማሲ ትማር ነበር። ጦርነቱ መደኒ ሲደርስ ትምህርቷን ከግማሽ ትታ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጣች።

ከእሷ ኋላ አንድ ሙነዘማ ደረሰ፤ የውጭ ድርጅትን እዚህ እንዲህ ነው የምንለው። ሰዎቹን አልወቅስም፣ በክፉ ቀን ደርሰዋል። በየመንታ መንገዱ አርማቸው የተለጠፈበት ሮቶ አቁመው በቦቴ ውሃ አስሞሉ። ወጣቶቹን ሰብስበው ሰደርያ አለበሷቸው፣ ስልጠናም ሰጧቸው። ስልጠና የሚባለውን ነገር እኔ አልወደውም፤ ሰው ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ውሎ ብስኩት ይዞ ቤቱ ይገባል። ቢሆንም ውሃው ውሃ ነበር፣ ጠጥተነዋል።

በኋላ ገንዘቡ አለቀና ሄዱ። ሮቶዎቹ ቀሩ። ቧንቧቸው ተሰበረ፣ አንዱ ሥር የጎረቤት ፍየሎች ይተኙበት ጀመር። «ለምን ተዋጥተን አንሞላውም?» ሲባል ሁሉም «የሙነዘማው ነው» ይላል። ሰደርያውን የለበሱት ልጆችም በየጥላው ተቀምጠው የሚመጣ ሌላ ድርጅት ይጠብቁ ነበር። ሰው ጉልበትም ጊዜም እያለው እንዲህ ሲቀመጥ ማየት ያናድዳል፤ ያናድደኝም ነበር።

ሪሃብ እኔ በር ላይ መቀመጥ ልማድ አድርጋ ነበር። አንድ ቀን ከእሷ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ዓሚ ሰላሃዲን» አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ሮቶው ሁሉ ሲደርቅ የሰፈሩ ዚሮች ለምን አይደርቁም?»

«ባለቤት አላቸዋ። ያኛው ሟቹ የዛኪር አባት ነው። ያቺ የአማል እህት ናት። የአባቱን ዚር አድርቆ የሚያድር ማን ነው?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ሮቶ አንለምንም» ብላ ተነሳች።

ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ጀመረችው። አንደኛው ኣጽብሃ ነው፤ ከትግራይ ተሰዶ መጠለያ ጣቢያ የቆየ፣ ከተማ ወርዶ ብየዳ የያዘ ዝምተኛ ልጅ። ሁለተኛዋ ዋፋ ናት፤ ከካርቱም የተፈናቀለች፣ የእጅ ጽሑፏ የመስጊድ ግድግዳ ላይ የሚገባ ሱዳናዊት። አሠራራቸው ቀላል ነው። ሟቹን ማሰብ የሚፈልግ ቤት አንድ የውሃ ቦታ ይወስዳል። ጠዋትና ማታ የሚሞላው ቤቱ ነው። ልጆቹ ደግሞ በየሳምንቱ እየዞሩ ዚሩን ይፍቃሉ፣ ክሎሪን እየለኩ ይጨምራሉ። በኮሌራው ምክንያት ጣሳ መንከር እንዲቀር ኣጽብሃ የብረት መቆሚያና ክዳን ሠርቶ ከሥር ትንሽ ቧንቧ አወጣላቸው። ብረቱን የጋራዥ ሰዎች ከውዳቂያቸው ሰጡ፣ ክሎሪኑን ጤና ጣቢያው፣ ጋሪ ነጂዎቹም ለዐርብ የመጀመሪያውን ጭነት። በመጨረሻ ዋፋ ክዳኑ ላይ በዓረብኛ «ሰደቃ ለመርሑም እገሌ» ብላ ትጽፋለች። መርሑም ነፍሱን ይማረው የሚባልለት ሟች ነው።

ኣጽብሃ በትግራዩ ጦርነት ለሞተው አባቱ በአማርኛ ፊደል «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ ዚር ሲያቆም ያጉረመረሙ ነበሩ። የሰፈሩ ኢማም ከሶላት ሲመለሱ ከዚያው ጠጥተው አለፉ፣ ማጉረምረሙም በዚያው ቀረ። ሥራው እየተስፋፋ ሄደ። በኋላ ከኒው ሀልፋና ከወድ ኤል ሒለው ወጣቶች እየመጡ አሠራሩን አይተው ሄደዋል፤ ያለ ብስኩት።

የሥራው ሁሉ ልብ ግን የራሒማ ግቢ ነበር። በሎሪ ማቆሚያው ዙሪያ የቆሙት ዚሮች ሁሉ የሚሞሉት ከሙዘይን ጉድጓድ ነው። ጋሪዎቹ እዚያ ይገለብጣሉ፣ ቤቶቹ ከዚያ ይቀዳሉ። ራሒማ ጎህ ሳይቀድ በሩን ትከፍታለች፣ ልጆቹን ትቆጣለች፣ ታበላለች። የእሷ ሁለት ዚር ላይ ብቻ ስም አልነበረም። ልጆቹ ይህን ሲያዩ፣ እኛን ስታስብ የራሷን ረሳች አሉ።

ውለታዋን ሊመልሱ አሰቡ። ራሒማ የታመመች ዘመዷን ልትጠይቅ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዳ ነበር። ሥራውን የያዙት ዐርብ ነው፤ እኔ ዐርብ ሱቄን ስለማልከፍት አላየኋቸውም። ኣጽብሃ እስከዚያ ቀን ከሠራቸው ሁሉ የሚያምር መቆሚያ ሠርቶ አረንጓዴ ቀባው። ዋፋ ደግሞ በወርቃማ ቀለም፣ ባላት ጽሑፍ ሁሉ በምርጡ፣ «ሰደቃ ለመርሑም ሉጥፊ ሙዘይን» ብላ ጻፈች። ሰፈሩ አይቶ ደስ አለው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከመኪና ስትወርድ ልጆቹ ደጇ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ጽሑፉን በጣቷ ተከተለችው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«ሁላችንም፣ ያ ኻልቲ» አለች ሪሃብ ፈገግ ብላ። ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው።

«ልጄን ገደላችሁት» አለች ራሒማ። አልጮኸችም። ክዳኑን አነሳች፣ ዚሩን ከመቆሚያው አውርዳ ውሃውን አቧራው ላይ ደፋችው። አፉን ወደ መሬት ገልብጣ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ገባችና የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈችው።

ሪሃብ አመድ መሰለች። ራሒማ ከአላህ ጋር የተነጋገረችውን ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዋፋ በዚያው ሰዓት ጽሑፉን በጋዝ ፍቃ አጠፋችው። ሪሃብ ይቅርታ ልትጠይቅ በየጠዋቱ ሱቁ ትሄዳለች። ራሒማ እንደማንኛውም ገበያተኛ «ምን ልስጥሽ?» ትላታለች። ስኳር መዝና ትሰጣታለች፣ ሌላ ቃል አትሰጣትም።

ጉድጓዱ ሲዘጋ ማቆሚያው ደረቀ። ቤቶቹ ከሩቅ ለማስቀዳት ሞከሩ፤ አቅም የነበረው ትንሽ ቆየ፣ የሌለው ወዲያው ተወ። ባለቤት ያለው ዚር አይደርቅም ስንል የነበርነው ሰዎች የዛኪር አባት ዚር ሲደርቅ አየን። ሚያዝያ ነበር፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን የሚያስጮህበት ወር። ልጆቹ እርስ በርስ ተጣሉ። ኣጽብሃ ሥራውን ወደ ሌላ ሰፈር እንውሰደው አለ፤ ሪሃብ እሷን በዚህ ሁኔታ ትቼ የትም አልሄድም አለች። እኔም ጣልቃ መግባት አለብኝ ብዬ ሱቋ ገባሁ።

«ልጆቹ አላወቁም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ጽሑፉም ጠፍቷል።»

«ከዓይኔ አልጠፋም» አለች። ባልዲ ሙሉ ባቄላ እየለቀመች ነበር፣ እጇን አላቆመችም። «ሰላሃዲን፣ ዛሬ ውሃውን ብከፍት እኔም ለመርሑም እያጠጣሁ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ሲያስብ እንደኖረ አሁን ገባኝ። ለካ ብቻዬን ነኝ በሕይወት ያቆየሁት። እኔ እጄን ካነሳሁ ማን ይይዝልኛል?»

ተናድጄ ወጣሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይልቃል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፋሽጋ የእርሻ ምንጠራ በተመለሰ ሎሪ ላይ በቀትር ከወረዱት የቀን ሠራተኞች አንዱ ነበር። የሳንጃ ልጅ ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያለው፣ ረጅምና ቀጭን። ጓደኞቹ ጥላ ፍለጋ ሲበታተኑ እሱ ወደ ራሒማ ደጅ አቀና። ውሃ እንዳለ ሰምቶ መሆን አለበት፤ የራሒማ ዚር በእርሻው ሁሉ ይታወቃል። የተገለበጠውን ዚር አየ። ጎንበስ ብሎ አቃንቶ ውስጡን አየ። መልሶ ገለበጠው፣ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ በጎን ሄዶ መቆሚያውን መታው።

ከሱቄ ሆኜ አየሁት፤ ከእኔ በፊት ግን ራሒማ ደረሰች። እንዲያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። የተከናነበችውን ቶብ አውልቃ ጭንቅላቱን ሸፈነችለት፣ ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። ቆዳው እሳት ነበር፣ ላቡ ደርቋል።

«ሪሃብን ጥሩልኝ» አለች። ስሟን ከጠራች ስንት ጊዜ ሆኗት ነበር።

ኣጽብሃ ተሸክሞ አስገባው። ሪሃብ በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዘው፣ ነቅቶ መዋጥ ሲችል ጨውና ስኳር በጥብጣ በማንኪያ ስታጠጣው ዋለች። ራሒማ ራሷ ጉድጓዱን ከፍታ ውሃ ታመላልስ ነበር። ልጁ ትኩሳቱ ሲነሳበት «እምዬ» እያለ ይጣራል፤ እሱ በተጣራ ቁጥር ራሒማ ትነሳለች።

በሦስተኛው ቀን ቁጭ አለ። በወደቀበት ሱሪው ተቀዶ ስለነበር እኔ አንድ የጨረስኩትን ይዤለት ገብቼ ነበር። ሪሃብም ነበረች። ይልቃል ከእናቱ ጋር ከተነጋገረ እንደቆየ ሲናገር ራሒማ ስልኳን ሰጠችው። ስልኳ ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሁላችንም እንሰማለን። እናትየው መጀመሪያ አላመነችውም፤ የቤት ውሻቸውን ስም ሁሉ ጠየቀችው። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ መረቀችው፣ ከዚያ «ያጠጣችህን ሴት ስጠኝ» አለችው።

ራሒማ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እህቴ፣ ማን ልበልሽ?»

«ራሒማ።»

«እኔ አሰፋሽ እባላለሁ። ምን ብዬ ልመርቅሽ? አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ይህ ልጅ ከወጣ ጀምሮ በደጄ የሚያልፈውን መንገደኛ ሳላጠጣ አሳልፌ አላውቅም። በሰው አገር ለልጄ የሚያጠጣልኝ አይጥፋ ብዬ ነው። ይኸው እግዜር አንቺን አልነሳኝም።»

እኔ ሱሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሪሃብ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን ሰዎች ይህን ቃል የማን አፍ ሲለው እንደኖረ እናውቃለን። ለአሰፋሽ ተመልሶላታል፤ ልጇ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ እየጠጣ ነው። ራሒማ እሱን ታያለች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ራሒማ፣ አለሽ?» አለ ስልኩ። «አንቺስ? ልጅ አለሽ?»

«አንድ ልጅ ነበረኝ» አለች ራሒማ። ድምፏ ደረቅ ነበር። «ሉጥፊ ነው ስሙ። ወደ ሊቢያ ሲሄድ በረሃ ላይ ውሃ ጠምቶት ሞተብኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ከአፏ ያልሰማውን ለማታውቃት ሴት ነገረቻት። በአሰፋሽ በኩል ዶሮ ሲጮህ ይሰማ ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አለች በመጨረሻ። «አለቀስሽለት?»

«አላለቀስኩም።»

«ለምን?»

«ባለቅስ የምቀብረው መስሎኝ።»

«እንግዲያ ብቻሽን አታልቅሺ፤ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ» አለች አሰፋሽ። «ሉጥፊ ነው ያልሽኝ?»

እና ጀመረች። ከድንበር ማዶ፣ ከሳንጃ፣ በጎንደር ዜማ፣ የማታውቀውን ልጅ ስሙን እየጠራች፣ የእናቱ አንድዬ እያለች፣ ውሃ ጠማህ ወይ እያለች አለቀሰችለት። ራሒማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ከሆዷ የወጣው ድምፅ እስከ ማቆሚያው ተሰማ። ሪሃብ ተንበርክካ አቀፈቻት። አልገፋቻትም። ይልቃል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ሉጥፊን ሕፃን ሳለ የመጀመሪያዋን ጀላብያ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

ምንጣፍ አወጣሁና ደጇ ላይ አነጠፍኩ። ማንም ሳይጠራው ሰው መምጣት ጀመረ። ጋሪ ነጂዎቹ፣ የጋራዥ ሰዎች፣ ከትምህርት ቤቱ ተፈናቃዮቹ፣ የትግራይ ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ኢማሙ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ከፀሐይ ሲገባ የሚጠጣው እንዲያገኝ ኣጽብሃ የተገለበጡትን ዚሮች አነሳና ውሃ ሊቀዳ ወደ ግቢው ሄደ። ለይልቃል ከቀዳች በኋላ ራሒማ በሩን መልሳ ቆልፋው ነበር። ራሒማ ከምንጣፉ ተነስታ፣ እያለቀሰች፣ ራሷ ከፈተችለት።